ቁጭ ሲሉ የሚመጣ ነገር

በስፌት ፋብሪካው ውስጥ «እትዬ መቀስ» ነበር የሚሏት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር የቢሮ ሰው ነው። ሥራዋ መቁረጥ ነበር። ጨርቁ ተደራርቦ እንደ ፍራሽ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፤ እሷ በጠመኔ የተሰመረውን እየተከተለች የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ትነዳዋለች። ትንሽ ከመስመር ከወጣች ያ ሁሉ ሱሪ መወልወያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እሷ ግን አትወጣም። «የእትዬ እጅ ውሃ ልክ ነው» ይሉ ነበር ሰፊዎቹ፤ አዲስ የገባች ልጅ ስታበላሽ ደግሞ «ሂጂና ከእትዬ እጅ ተበደሪ» ብለው ይቀልዱባታል።

በዚያ ክፉ ዓመት ፋብሪካው ሰው መቀነስ ጀመረ። ዛሬ አንዷ ወንበር ባዶ ትሆናለች፣ በሳምንቱ ሌላዋ። ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ የሚናገር የለም። ሱፐርቫይዘሩ ባለፈ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ማሽኑ ውስጥ ይቀብራል። የታመመ፣ ያረፈደ፣ የደከመው የሚመስል ሁሉ ተራው ቀድሞ ይደርሳል እየተባለ ይወራ ስለነበር፣ ጉንፋን የያዘው እንኳን ሳሉን ውጦ ነበር የሚሠራው።

ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ አሉ። አሮጊቷ ነገር መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። ቀን ቀን አውቶቡስ ነጂው ወንድሟና ሚስቱ እየተፈራረቁ ይጠብቋቸዋል፤ ከሥራ መልስ ያለው የእሷ ነው። አንዳንድ ቀን እናቷ «አክስቴ» ብለው እጇን ይስሟታል። አንዳንድ ቀን «ይቺ ሴትዮ ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራለች? ሌባ!» ብለው ይጮሃሉ። አንድ ቀን ያጎረሰቻቸውን ፊቷ ላይ ተፉባት። እሷም እጇን አነሳች። አልመታቻቸውም፤ ግን እጇ ተነስቶ ነበር። እናቷ እንደ ሕፃን ፊታቸውን በክንዳቸው ሲከልሉ ባየች ጊዜ ኩሽና ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። መንጋጋዋ ተነክሶ ያድራል። የወንድሟ ሚስት ናት፣ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዲቴሽን የሚያስተምሩ ጡረታ የወጡ ነርስ እንዳሉ የነገረቻት። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ወንድሟ ሲሰማ ሳቀ።

«ቁጭ ብሎ መተንፈስ? እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብዬ እየተነፈስኩ ነው የኖርኩት፣ መሪ ይዤ!»

«አንተማ ስትሳደብ ነው የኖርከው» አለችው።

ሄደች። ሲስተር ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከተሉ አሉ። ተከተለች። ጥቂት እንደቆየች መዳፎቿ ማበጥ ጀመሩ። ትራስ አከሉ። ከንፈሯ ወፈረ፣ ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ የተሰጣት መሰለ። ከዚያ ወለሉ በግራ በኩል ዘመመባትና እሷም አብራ የምትንሸራተት መሰላት። ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደነበሩ ናቸው፤ ያው የጨርቅ ብናኝ ያለባቸው ቀጫጭን እጆች። ጉንጯ ግን በእንባ ርሷል፤ መቼ እንዳለቀሰች አታውቅም።

«ሲስተር፣ ላብድ ነው መሰለኝ» አለቻቸው ሰው ሲወጣ።

«አታብጂም» አሉ ሲስተር። «በጭንቀት ተወጥሮ የከረመ ሰውነት ሲላላ እንዲህ ያደርጋል። ያበጠ ይመስላል፣ ይደነዝዛል፣ ይወርራል፣ እንባም ይመጣል። ስትነሺ ይለቅሻል። ተነስተሽ ካለቀቀሽ ግን እኔን አትፈልጊኝ፣ ቀጥ ብለሽ ሐኪም ጋ።»

የመጀመሪያው ነገር እፎይታ ስለነበረ፣ የመጨረሻው ከጆሮዋ አልገባም።

በሌላው ቅዳሜ ቁጭ ብላ ሳለች ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ ጠፋባት። ተነስታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠችና መስታወት ፊት ቆማ አፏ መጣመሙን ለማየት ጥርሷን ማሳየት ጀመረች። እጅ ልትታጠብ የገባች አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ስትገለፍጥ አግኝታት «እኔንም አስተምሪኝ እባክሽ፣ ከሳቅኩ ከረምኩ» አለቻት። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ቢሆንም ለእርግጠኝነት ሐኪም አየች። ሐኪሙ እጅና እግሯን ፈትሾ «ምንም የለብሽም፤ ደም ግፊትሽ ግን ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺና ተመልሰሽ ነይ» አላት። እሷ «ምንም የለብኝም» የሚለውን ይዛ ወጣች። አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲያ አልፈራችም። ሲያብጥ ታየዋለች፣ ሲደነዝዝ ታየዋለች፣ ያልፋል። እንቅልፏ መለስ አለላት። እናቷ ሌባ ሲሏት «አዎ፣ የሰረቅኩትን ልመልስ መጥቼ ነው» እያለች ማጉረስ ቻለች። ለሰፊዎቹ ሳይቀር ታወራላቸው ነበር፤ «ትናንት ደግሞ ጭንቅላቴ ጣሪያ ነካ» ስትል ይንከተከታሉ።

አንድ ቀን፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትል ጣቶቿ እንቢ አሉ። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች የእሷ አልነበረም።

«መጣ ደግሞ» አለች።

አጠገቧ ያለችው ሰፊ ማሽኗን አቆመች። «እትዬ፣ ምን ሆነሻል? አነጋገርሽ ልክ አይደለም።»

«ተይው። ቁጭ ስል የሚመጣብኝ ነው።»

«ቆመሽ እኮ ነው ያለሽው!»

ሱፐርቫይዘሩ ከወዲያኛው ጫፍ ቀና አለ። እትዬ መቀስ በዓይኗ ሴትየዋን ዝም አሰኘቻት። በግራ እጇ ጠመኔውን አንስታ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። እዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ተከተለች። ይለቀኛል ብላ ጠበቀች። እውነትም ትንሽ ለቀቃት፤ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። ተመልሳ እስከ መውጫ ሰዓት ጨርቅ በማጠፍ አሳለፈች። ሰፊዋ ደጋግማ ብትለምናትም «ነገ ደህና ነኝ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ እናቱን ሊወስድ ሲመጣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተጥሏል። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። እናቷ አጠገቧ ቆመው ፀጉሯን በእጃቸው እያበጠሩ «ይቺ ልጅ በርዷታል፣ ልብስ አልብሷት» ይላሉ።

በታክሲ ሆስፒታል አደረሳት። ስትሮክ ነው ተባለ።

«መቼ ነው የጀመራት?» አለ ሐኪሙ።

ወንድሟ አያውቅም። እሷ ራሷ እንደምንም «ትናንት… ከምሳ በኋላ» አለች።

«ትናንት?» ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ሰዓት ተመለከተ። «ያኔውኑ ብትመጪ ኖሮ…» ብሎ ተወው፤ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ።

ሲስተር ሊጠይቋት መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና የደነዘዘውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ነግሬሽ ነበር ልልሽ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «አንዴ ተናግሬ መተዌ ነው የሚቆጨኝ። የሚያጽናናውን በየሳምንቱ ነው የምለው።»

«ነግረውኛል፣ ሲስተር» አለች፤ ቃላቱ እየተጎተቱ። «ጆሮዬ ነው… የወደደውን ብቻ ይዞ የሄደው።»

ከፋብሪካው ሱፐርቫይዘሩ ብርቱካን ይዞ መጣ። «ቦታሽ አይነካም፣ አንቺ ብቻ ዳኚ» አላት። ከሆስፒታል ሳትወጣ ሌላ ሰው ቆመበት። ይህን የነገረቻት ያቺው ሰፊ ናት፤ እያለቀሰች፣ ጎትቼ ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብኝ እያለች። እትዬ መቀስ ማጽናናት ነበረባት፤ ምላሷ ግን እሺ ስላላላት በደህናው እጇ የሰፊዋን ጉልበት መታ መታ አደረገችላት።

ወራት አለፉ። አፏ ቀና፣ ንግግሯ ተመለሰ፤ እጇ ግን እስከ ኩባያ መያዝ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ። እናቷን ወንድሟ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ሊያያት ይዟቸው ሲመጣ የተኮማተሩትን ጣቶቿን ያዩና «ማነው የመታሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ማንም አልመታኝም ትላቸዋለች። አያምኗትም፤ ወንድሟን በጥርጣሬ ያዩታል።

አንድ እሁድ ወንድሟ ብቻውን መጣ። ሻይ አፈላ፣ ቀዳላት፣ ዙሪያውን አየ። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

«አሁንም ዓይንሽን ጨፍነሽ ትቀመጫለሽ?» አላት፣ እንደ ቀልድ።

«እቀመጣለሁ እንጂ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ሻዩን ጨርሶ ሁለቱንም ኩባያ አጠበ፣ ደርድሮ ደፋቸው፤ ከዚያ የሥራ ተራው ስለደረሰ ኮቱን ደርቦ ወጣ።