የአጎቴ የዳሞታ ቦርሳ

እናቴን ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ካረፉ አርባ ቀን ሞላቸው። አብረን ዳሞታ ተራራን ለመውጣት ስንነሳ ቦርሳዬን ሳይፈትሹ ከበር አያሳልፉኝም ነበር። ውሃው፣ ፋሻው፣ ባትሪው፣ የዝናብ ልብሱ፣ ቆሎው መሟላት አለበት።

አንድ ቅዳሜ፣ «ጋሼ፣ ማታ እንመለስ የለ እንዴ? ይሄ ሁሉ ለምን?» አልኳቸው።

«ላንቺ ብቻ ነው ማን አለሽ? መንገድ ላይ ለምናገኘውም ሰው ነው» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ስንወርድ፣ ማገዶ የተሸከመች ሴት አዳልጧት ወድቃ አገኘን። እግሯ ተሰብሯል። አጎቴ እግሯን በሁለት እንጨት ደግፈው በፋሻ አሰሩላት። የራሳቸውን የዝናብ ልብስ አለበሷት። የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እስኪደርሱ፣ ዝናቡ እየወረደባቸው አጠገቧ ተቀምጠው በወላይትኛ ያጽናኗት ነበር። እኔ ባነጫነጨኝ ሸክም አፈርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ልወጣ ቦርሳዬን ሞልቼ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለ።

«ምነው ቆምሽ፣ ልጄ?» አለች እናቴ።

«የሚፈትሽልኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው መሰለኝ።»

እናቴ መጣችና የቦርሳውን ዚፕ ከፈተች። እጇን ከተተች። ምን መፈለግ እንዳለባት ግን አታውቅም ነበር።