ድንጋዩ ላይ የዋልኩበት ቀን

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲው ስትመጣ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ቀይ ጭቃ ደጃፌ ላይ በእንጨት ትፍቃለች። እኔ ያን ጭቃ አውቀዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይህንንም እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እሷ ናት። አፈሩን ግን ከአስተማሪዎቿ በፊት አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲው ባለበት ሜዳ ላይ መስጊዳችን ነበር። መስጊድ ስል ዛሬ እንደምታዩት አይደለም። ዙሪያውን እንሰት የተተከለበት ክብ የሣር ቤት ነው፤ መንገደኛ የሰው ቤት መስሎት ውኃ ሊጠይቅ ጎራ ይል ነበር። ውስጡ እርጥብ ሰሌን ይሸታል። ከፊት በኩል መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድሮ ከጅማ የመጡ ሼህ ናቸው አሉ ቂብላውን፣ ዞረን የምንሰግድበትን አቅጣጫ፣ ለይተው ያስቀመጡት። አባቴ ከድር አዛን የሚለውም፣ የሚጠብቀውም እሱ ነበር። አቅጣጫ መለየት ግን በራሱ አይደፍርም። "ሼሁ ያስቀመጡት እያለ እኔ ምን አውቄ" ይላል።

መሬቱ የባላባቱ ነው። በቃል ሰጡን፣ በቃል ወሰዱት። ለትምህርት ቤት ተሰጠ ተባለና ቀያሾች የመለኪያ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ መጡ። አባቴ መስጊዱ አጥሩ ውስጥ ይቅርልን ብሎ ለመነ። አንደኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "ወረቀት አላችሁ?" አለው። ወረቀት ከየት ይምጣ። እስከ ገበያ ቀን አንሱ ተባልን። ማንም አልጮኸም። እናቴም እንሰት መፋቋን አላቋረጠችም።

ጎረቤታችን ጋሼ ሀንዲሶ የሚሲዮን ክርስቲያን ነበሩ። ማታውን መጥተው ከፈፋው ማዶ ካለው ግጦሻቸው ቁራሽ ሰጡን። "ጣሪያውን እንሸከመዋለን" አሉ። በእኛ አገር ቤት ሲዛወር ጣሪያው አይፈርስም፤ ሰው ተሰብስቦ እንዳለ በትከሻው ያነሳዋል።

"ፓስተርህ አይቆጣህም?" አላቸው አባቴ።

"ሣር ነው እኮ፣ ከድር። ሣር ምን ሃይማኖት አለው።"

በማግስቱ አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠኝ። አዲሱ ቦታ ከድንጋዩ በስተኋላ፣ ቀጥ ብሎ ማዶ ነው። "እዚያ ቆሜ አንቺን እያየሁ ነው ቂብላውን የምይዘው። ተነሺ እስክልሽ እንዳትነሺ" አለኝ። አንቺ ከተንቀሳቀስሽ የዚህ ሁሉ ሰው ሶላት ይጣመማል ማለቱ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ወንዶቹ ገቡ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ሆ ብለው ሲያነሱት ጣሪያው ከራሴ በላይ ወጣ፣ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እግር ያበቀለ የሣር ክምር ፈፋውን ሲወርድ አየሁ። አባቴ ኪታቦቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ላይ ተሸክሞ ከሁሉ ኋላ ነበር። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝም። ድንጋዩ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ያንን አስታውሳለሁ።

ለካ የጋሼ ሀንዲሶ ልጆች ውለታ ብለው በሌሊት ተነስተው ግድግዳውን አቁመውት ኖሯል። በሩን ያደረጉት እንደ ሀዲያ ቤት ሁሉ ወደ መስኩ ነው፣ ከብት ሲገባና ሲወጣ እንዲታይ፤ ከቂብላው ጋር አልገጠመም። አባቴ ሲደርስ ጣሪያው ተጭኖ፣ ሰው ላቡን እየጠረገ ይስቅ ነበር። ከማዶ አባቴ ጣት አክሎ ይታየኛል። ወደ እኔ አየ፣ እጁን አነሳ፣ ከዚያ ዞሮ በሩን አየ። እጁ ወረደ። ገብቶ ሰሌኖቹን በበሩ ልክ ሳይሆን አግድሞ፣ ወደ እኔ አነጠፋቸው።

ከዚያ እነሱ ዘንድ ምግብ መጣ። ጭፈራው ይሰማኛል። ተነሺ ያለኝ የለም። አጥር የሚቆፍሩት ሰዎች በዙሪያዬ ይሠሩ ነበር። "ይቺ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች" ብሎ አንዱ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ ትምህርት ቤት የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሼ ሀንዲሶ መጡ። እግሬ ደንዝዞ አልቆም አለ። "ልጅቷን ድንጋይ አደረጋችኋት" ብለው በትከሻቸው ተሸክመውኝ ሄዱ።

ሰሌኑ ለምን እንደተጣመመ እንግዳ ሲጠይቀው አባቴ "ሰው ደክሞ ያቆመልህን በር አይነቅሉም" ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ሰገድን።

ትምህርት ቤቱ ሰፋ፣ ዘመኑም አለፈ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነና አጥሩ ፈፋውን ተሻግሮ መስጊዱንም ዋጠው። በዚህኛው ጊዜ አንሱ ያለን የለም። አሁን በብሎኬት ተሠርቷል፣ የዉዱእ መታጠቢያ ቧንቧ አለው። ግድግዳው በስልክ ተለክቶ ተቃንቷል፣ ምንጣፉና ግድግዳው ገጥመዋል። ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ወሰደችኝ። ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል። የተጣመመ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሰግደን ስንጨርስ በመስኮቱ ወደፊት አየሁ፤ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል።

"አያቴ፣ ተነሺ እንጂ፣ ሰው ወጥቶ አለቀ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባ ዓመት ሊሞላ ነው። ያን ቃል አባቴ ረስቶት ነበር። ተነሳሁ።