በጥቁር እስክሪብቶ የደመቁት ማዘዣዎች

መድኃኒት አዳይዋ በክሊኒኩ መድኃኒት ቤት መስኮት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ሁለቴ ታያለች፤ አንዴ ስሙን፣ አንዴ የሚያበቃበትን ቀን። ሰውን ሦስቴ ታያለች ብለው ያሟታል። አልተሳሳቱም።

አንጋፋው ሐኪም በሽተኛውን እያነጋገሩ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው ማዘዣ የሚጽፉት። እስክሪብቶውን አይጫኑትም። ዶሮ እንኳ እንዲያ ቀለል አድርጋ አትጭርም። አዳይዋ ግን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ ያጠራጠራትን ስልክ ደውላ ትጠይቃለች። ችግሩ ተመላላሽ በሽተኞች ላይ ነው። ማዘዣቸው ማህደር ውስጥ ተቀምጦ በየወሩ ይታያል፤ የከሰዓት ፈረቃ ደግሞ አዛብቶ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ተጭና እየሄደች ታደምቀዋለች፦ ያልተዘጋውን ፊደል ትዘጋለች፣ ለጎደለው ጭራ ትቀጥልለታለች። ከጻፈው ሐኪም በቀር ማንም ማዘዣ ላይ እስክሪብቶ ማሳረፍ እንደማይችል ታውቃለች። ግን ሰው ከሚጎዳ ብላ ስምንት ዓመት ለማንም ሳትናገር አደመቀች።

አንድ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያው ካርቶን ታቅፎ መጣ።

«እትዬ፣ የስምንት ዓመት ማህደር ስጪኝ። ማሽኑ የየሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ ይማርበታል።»

«ተምሮስ?»

«የተጭበረበረ ማዘዣ ይለያል።»

«መስኮቴስ?»

«መስኮትሽን ማን ነካው?»

«እስካሁን ማንም» አለችና ማህደሮቹን አንድ በአንድ አስፈርማ አስረከበችው። ነገሩ አልዋጥላት ብሏል።

በወሩ ሐኪሞቹ ጠረጴዛ ላይ ስስ ሰሌዳ ተቀመጠ። ወረቀቱ እላዩ ላይ ሆኖ ሲጻፍ፣ የእጁን እንቅስቃሴ ተከትሎ ከተማረው ቅርጽ ጋር ያስተያያል፤ የሐኪሙ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ያበራል። ለሌሎቹ ሁሉ አረንጓዴ አበራ። ለአንጋፋው ቀይ። እንደገና ጻፉ፤ ቀይ። የክሊኒኩ ኃላፊ እፊቷ አስጻፈቻቸው፤ አሁንም ቀይ።

«እንግዲህ አሁን የሚጽፉት እርስዎ ከሆኑ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በስምዎ ሲጽፍ የኖረው ማነው?» አለች ኃላፊዋ።

«እኔ ነኛ!»

«ማሽኑ አይደሉም እያለ ነው።»

ሐኪሙ ጉዳያቸው እስኪጣራ እንዳያክሙ ታገዱ። የማዘዣ ወረቀታቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል ተብሎ ተጠረጠሩ፤ ከተረጋገጠ የሥራ ፈቃዳቸው ይነጠቃል። አዳይዋ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ባለሙያውን ጠረጠረች፤ ማህደሬን ቀላቅሎት ይሆናል ብላ። ኋላ የገዛ እስክሪብቶዋን አየችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቁልፍ ሠሪ ባሏ ሱቅ ገብታ ነገረችው።

«ሆድ ይፍጀው» አለ ሞረዱን ሳያቆም። «መኖሩን ያላወቁትን በር ማን ያንኳኳል?»

«ሰውየው በእኔ ሊጠፉ ነው እኮ።»

«አንቺስ? እርጂ ብለው ቀጥረውሻል? እጅሽ አመድ አፋሽ ነው ስልሽ አልሰማ አልሽ።»

«ቢሆንም የእኔ እጅ ነው» አለችና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ሐኪሙና ባለሙያው አሉ። ሰሌዳው ላይ ወረቀት አነጠፈች፣ የሐኪሙን መለያ ቁጥር አስመረጠች፣ አንድ የሳል መድኃኒት ጻፈች።

አረንጓዴ።

«ጉድ ፈላ!» አለ ባለሙያው። «ዘጠና ስድስት በመቶ! ዶክተሩ ነሽ ይላል።»

እንዴት እንደሆነ ነገረቻቸው። ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«አንድ እንኳ መድኃኒት ቀይረሻል?»

«አንድም። የተጠራጠርኩትን እርስዎን ጠይቄያለሁ።»

«እኔ የምጽፈው ይህን ያህል አይነበብም?»

«አይነበብም፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ሳቁ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። «ቃልሽን በምን አምናለሁ?» አለች።

እገዳው ከሐኪሙ ወደ አዳይዋ ዞረ። መስኮቱን ሌላ ሰው ያዘው። እሷ ማህደር ክፍል ከባለሙያው ጋር ተቀምጣ፣ ያደመቀችውን ካላደመቀችው እንድትለይ ታዘዘች፤ ከሥር የቀረው የሐኪሙ ቀጭን መስመር ለበሽተኛው ከተሰጠው መድኃኒት ጋር እስኪመሳከር ወደ መስኮቱ አትመለስም።

ሥራው ቀላል መስሏት ነበር። ወረቀቱን ወደ መብራት ታነሳለች፣ በጀርባው በጣቷ ትዳብሳለች፤ የተጫነ ካለ የእሷ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ማዘዣ ደጋግማ አገላበጠች። ከጀርባው ተጭኗል፤ ጭራው ግን እሷ እንደምትቀጥለው አይደለም።

«ይሄስ የማን ነው?» አለ ባለሙያው።

«የእኔ አይደለም። የዶክተሩም አይደለም። ሌላ ሰውም እስክሪብቶ አሳርፎበታል።»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«የከሰዓት ፈረቃ ስንት ሰው ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ ማዘዣውንም ለብቻው አስቀመጠችው።