የመርዶ ተራ

ባለቤቴ ግርማ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። ለንስሐ አባቴም ዙሪያውን እንጂ መሐሉን ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን የምጽፈው መሐሉን ነው። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ እጄም ሐሳቤም ከብደዋል። የምታነቡ ሁሉ ግን አትዘኑልኝ። ያዘነ ሰው ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ኩራቴን ያላወቀ በደሌን አይረዳውም። እኔ የሲስተም ተንታኝ ነኝ። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነውን ግርማን አግብቼ ጅቡቲ መጣሁ። ካርቲየ አንድ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። እዚህ ከተማ የሀገሬን ሴት ያየ ሁሉ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት ብሎ ይገምታል። ማዕከላዊ ገበያ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ፣ “የማን ቤት ነው የምትሠሪው?” ስትለኝ “የራሴ” እላት ነበር። በሰው ቤት መሥራት ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ የተማርኩትን ሰው እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነው። ስለዚህ አንድ የትራንዚት ድርጅት የመኪኖቹን የጭነት ተራ በኮምፒዩተር እንዳደራጅለት ሲቀጥረኝ፣ ዓለም ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ አይደለም። ለአንድ ዓላማ አብረው የሚሠሩ ነገሮች ሁሉ ናቸው፤ ሰዉ፣ ወረቀቱ፣ ስልኩ፣ ልማዱም ጭምር። ወደ ውስጥ የሚገባ አለ፣ ውስጥ የሚሠራበት አለ፣ የሚወጣ አለ። በዙሪያው ደግሞ ወሰን ይሰመራል፤ ይሄ የሲስተሙ ነው፣ ያ የውጭ ነው ተብሎ። ትንተና ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቃል፣ ንድፍ እንዴት እንደሚሠራ ይመልሳል። መጠየቁን ሳይጨርስ መመለስ የጀመረ ሰው ቤቱን ሳይለካ ቆርቆሮ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ነገር አይኖረኝም።

የድርጅቱ መኪኖች ጭነት የሚጠብቁት ከከተማው ዳርቻ፣ ከባልባላ ማዶ ባለ ሜዳ ነው። ያኔ ተራው በአንድ ተራ አስከባሪ አፍ ነበር የሚመራው። ደላሎች ተራ ይሸጣሉ፣ ሾፌሮች በፀሐይ ይጣላሉ፣ ጉልበት የሌለው ወደ ኋላ ይገፋል። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። ሥራን በቃል ከመስማት በዓይን ማየት ይበልጣልና ሜዳው ላይም ዋልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኮንን የሚባለው የግርማ የቅርብ ጓደኛ ተራ አስከባሪው ጆሮ ላይ አንድ ነገር ሹክ አለ። ወዲያው ከኋላ ተሰልፎ የነበረ ካሳ የሚባል ሾፌር ተጠራ።

“ካሳ! ተነስ፣ ጭነትህ ደርሷል!”

“ምን ተገኘ? እኔ ገና መምጣቴ አይደል እንዴ!”

“ዕድል ሲያንኳኳ ማነህ ትለዋለህ? አትጨቅጭቀን፣ አስነሳ!”

ካሳ እየሳቀ ጭኖ ወጣ። ከፊቱ የነበሩት ሁሉ ዝም ብለው አሳለፉት፤ ደላሎቹ እንኳ አልተነፈሱም። ካሳ በሩን እንዳለፈ ምን እንደሆነ መኮንንን ጠየቅሁት።

“አባቱ አርፏል፤ ከቤት ተደውሎልን ነው። እዚህ ፀሐይ ላይ አንነግረውም። መሪ ጨብጦ እያለቀሰ ይንዳ እንዴ? በሰላም ይግባና ወንድሞቹ ያርዱት። እኛ የመርዶ ተራ እንለዋለን።”

ሰማሁ። ገባኝ። ልቤም ተነካ። ቢሮ ተመልሼ የሲስተሙን ሥዕል ስስል ግን የመርዶ ተራን ከወሰኑ ውጭ አደረግሁት። ለምን? ምክንያት ደርድሬ ነበር። ተራው የሚሰጠው ሰው ራሱ መጠየቅ አይችልም፤ አያውቅማ። ሌላ ሰው ይጠይቅለት ከተባለ ደላላ በዚያች በር ይገባል። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፣ ግን ምክንያቴ አልነበረም። ምክንያቴ ሥዕሉ ማማሩ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል፤ አንድ መግቢያ፣ አንድ መስመር፣ አንድ መውጫ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ንድፍ ሠርቼ አላውቅም ነበር። በሌሎች ለቅሶ ላጣምመው አልፈለግሁም።

ሥራ አስኪያጃችን ሙሴ ፋራህ የዚሁ ከተማ ሰው ነው፤ አማርኛን ከሾፌሮች ጋር ሲሠራ ለምዶታል። ሥዕሉን በጣቱ እየተከተለ አየውና ጠየቀኝ።

“ማዳም ሰናይት፣ ከተራ ውጭ የሚያልፍ መኪና የለም? ካለ አሁን ንገሪኝ።”

“የለም” አልኩ።

ሰው ረስቶ የለም ይላል፣ ሳያውቅም ይላል። እኔ ግን የካሳ ሳቅ ገና ጆሮዬ ውስጥ እያለ ነው የለም ያልኩት።

ሲስተሙ ተሠራ፣ ተፈተሸ፣ ሜዳው ላይ ተራውን የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሠራ። ዛሬም ይሠራል። ሥራዬን አልክድም፤ ለትሕትና ስል የምዋሸውን ውሸት አልጨምርበትም። ደላሎቹ ጠፉ። ጉልበት የሌለው ሾፌር መኪናው ሥር ምንጣፉን አንጥፎ ተራዬ ተወሰደ ሳይል ተኛ። “እትዬ ሰሌዳ” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ግርማማ አያድርስ! “የዚህ ሜዳ ንጉሥ ማን ነው? የእኔ ሚስት ናት! እኔ እንኳ ባሏ ሆኜ አታሳልፈኝም!” እያለ ይፎክር ነበር። በእኔ የኮራውን ያህል በራሱ ኮርቶ አያውቅም።

ከዚያ የግርማ እናት ድሬዳዋ ላይ አረፉ።

የግርማ እህት ስልክ የደወለችው ለእኔ ነው። እያለቀሰች፣ “ለጋሼ እንዳትነግሪው። ቀብሩን እስከ ነገ እናቆየዋለን፤ የበኩር ልጇ አፈር ሳያለብሳት አትቀበርም። ብቻ ቶሎ ይነሳ” አለችኝ። በኮምፒዩተሬ ሰሌዳውን ከፍቼ አየሁ። የግርማ መኪና ከመጨረሻዎቹ ነበር። በአውቶቡስ ይሂድ እንዳይባል፣ በስሙ የተረከበውን መኪና አስጥሎ ለማሳፈር ምክንያቱን መንገር ግድ ነው። ተራውን ደግሞ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ እንዳይቀይረው አድርጌ ነው የሠራሁት።

ለመኮንንም ተደውሎለት ኖሮ እያለከለከ ቢሮዬ ገባ።

“ሰኒ፣ እባክሽ፣ እንደምንም አውጭው። ሰውየው እኮ እዚያ ቁጭ ብሎ ይቀልዳል!”

“አለቃዬን እጠይቃለሁ” አልኩት።

ሙሴ ፋራህ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ሲያስል ይሰማኛል። ሰሌዳው ምንም ቢል፣ እሱ ስልክ አንስቶ ጫኑት ቢል ይጫናል። ግን ምን ብዬ ልግባ? “እንዲህ ያለ ልማድ አለ” ስለው “የለም አላልሽኝም ወይ?” ሊለኝ ነው። ከወንበሬ ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በሩን አላንኳኳሁም። ተመለስኩና መኮንንን፣ “ጠየቅሁት፤ እምቢ አለ” አልኩት።

ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ከባሌ እናት መቃብርና ከእኔ ስም የቱ ይበልጣል ተብዬ ብጠየቅ መልሱ አይጠፋኝም ነበር። በዚያ ኮሪደር ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ብቻዬን መረጥኩ፤ ስሜን መረጥኩ።

ግርማ ተራው ደርሶት ድሬዳዋ ሲገባ እናቱ ተቀብረው ነበር። በሙቀቱ ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻሉም። ሐዘኑን ጨርሶ ሲመለስ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እውነቱን እነግረው ነበር። እሱ ግን ግንባሬን ሳመኝና፣ “መኮንን ነገረኝ፤ አለቃሽን ለምነሽልኝ እምቢ አለሽ አሉ። ተባረኪ” አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

የተሠራ ሲስተም ጥገና ይፈልጋል። ከወራት በኋላ በማሻሻያ ስም የመርዶ ተራን አስገባሁት። ሁለት ሾፌሮች ለሦስተኛው ይጠይቁለታል፤ ምክንያቱ ለእሱ አይታይም። ሙሴ ፋራህ ወረቀቱን አንብቦ ሳይቀመጥ ፈረመበት። “ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ” አለኝ። ያን ቀን ባንኳኳ ኖሮ ያደርገው እንደነበር ያረጋገጥኩት በዚያች ፊርማ ነው። ሾፌሮቹ ደግሞ ሰናይት አለቃዋን በግድ አስፈረመችው ብለው አመሰገኑኝ። ክብሬ ከውሸቴ ላይ በቀለ፤ እኔም አጨድኩት።

ብዙ ዓመታት አለፉና ግርማ በዚህ ዓመት ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሙሴ ፋራህ መጣ፤ አርጅቷል። ሊያጽናና እጁን ሲዘረጋ መኮንን ፊቱን አዞረበት። “ያኔ ለእናቱ ያልራራ ዛሬ ለማን ሊያለቅስ ነው?” አለ፣ እሱ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ሽማግሌው ስለ ምን እንደተባለ አልገባውም። የተዘረጋውን እጁን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሰው ያለቀስኩ መሰለው።

ሐዘንተኛው ሲበተን መኮንንን አስቀርቼ ሁሉንም ነገርኩት።

“ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” አለ። “ለእሱ ነበር መንገር። ግርማ እኮ ይስቅልሽ ነበር። ተቆጥቶ ተቆጥቶ፣ ኋላ ይስቅልሽ ነበር።”

ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። አልወቅሰውም።

ነገ ሙሴ ፋራህ ቤት እሄዳለሁ። ይህን ጽሑፍ አልሰጠውም፤ በአፌ እነግረዋለሁ፤ ሾፌሮቹም እንዲያውቁት አደርጋለሁ። ይቅር ቢለኝ እቀበላለሁ፤ ባይለኝም ይገባዋል። ግርማን ይቅርታ አልጠይቅም። የማይመልስን ሰው መጠየቅ ቀላል ነው፤ ከቀላሉ ነገር ደግሞ ድርሻዬን አስቀድሜ ወስጃለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ በሰው ሀገር ስሜን ላጣ ነበር አልልም። ተጠይቄ የለም አልኩ። ሳልጠይቅ ጠየቅሁ አልኩ። ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ።