ለአባዬ ዓሦች ድንጋይ ፍለጋ

ሐሙስ ጠዋት ከአርባ ምንጩ ሰፈራችን ከሲቀላ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ባዶ ማዳበሪያዎችና በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳ አቼቶ ነበር። እናቴ ጠርሙሱን አይታ «ላንቴ ድረስ የምትሄጂው ሰላጣ ልትሠሪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። የምሄደው ግን ድንጋይ ልመርጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ዕድሜውን ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያሰግር ኖሯል። ወገቡ እምቢ ሲለው ጀልባውን ሸጠና ቤት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር ረግጦ አያውቅም፤ ጠዋትም የሚነሳበት ምክንያት የጠፋው ይመስል ነበር። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግብርና ጀመርኩ። ዓሣና አትክልትን በአንድ ውሃ ማሳደግ እንደሚቻል የተማርኩ ዕለት ወደ ቤት ሮጬ ነገርኩት። ዓሣው ያቆሸሸውን ውሃ ፓምፕ ወደ ተክሉ ገንዳ ይወስደዋል። ገንዳው አፈር የለውም፤ የተሞላው በድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል፤ የጠራው ውሃ ደግሞ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ነግሬው ሳልጨርስ አባዬ መጋዝ ሊፈልግ ተነሳ።

በርሜል ለሁለት ሰነጠቀ፤ ከባሕር ዛፍ ቆጥ ሠርቶ ግማሾቹን የተክል ገንዳ እንዲሆኑ ላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ከሥሩም ቆሮሶ የሚባሉትን የሐይቁን ዓሦች የሚይዝ ገንዳ አኖረ። ድንጋዩንም ራሱ መረጠ። የድሮ ጓደኞቹን ልኮ ከጫሞ ዳር ቀንድ አውጣ ዛጎል የተቀላቀለበት ነጭ ጠጠር አስመጣ። «ውሃው በሐይቃቸው ድንጋይ አልፎ ከመጣላቸው አገራቸው ያሉ ይመስላቸዋል» አለኝ። በደስታው ደስ ብሎኝ ምንም አልጠየቅኩም።

የተከልነው ቆስጣ ግን አደግ እንዳለ ቢጫ ሆነ። ቆሮሶዎቹም አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው መንሳፈፍ ጀመሩ። መምህሬን ስጠይቀው ዛጎሉ ኖራ ነው አለኝ። ኖራው ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ተክሉ ብረት ማግኘት ያቅተዋል፤ የዓሣው ቆሻሻም መርዝነቱ ይብሳል። «ድንጋይ ስትመርጪ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ተይው» አለኝ።

ይህን ለአባዬ መንገር አቃተኝ። የቀሩትን ዓሦች ግቢያችን ውስጥ ወዳለው አሮጌ የውሃ ታንከር አዛውረን ነበርና በዚያ ወገቡ በጀሪካን ውሃ እየቀየረ «እነዚህም ካለቁ በርሜሉን ሸጬ አርፌ እቀመጣለሁ» ብሏል። እናቴ ለብቻዬ ጠርታ «አባትሽ አርፎ ከተቀመጠ አይነሳም፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ስለዚህ «የተሻለ ድንጋይ ላምጣ» ብቻ ብዬው ወጣሁ።

ላንቴ

በሚኒባስ ላንቴ ቅርብ ናት። ከከተማው እንደወጣን ሙዙ ግራና ቀኝ መንገዱን ይይዛል፤ አየሩም ወዲያው እርጥብ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ እዚህ የምመጣው ከአባዬ ጋር፣ ዓሣ በሙዝ ልንቀያየር ነበር። ዓሣው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ይቀመጣል፤ ስንመለስ ደግሞ ጭኔ ላይ ሙዝ ነው። ቀሚሴ ግን ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ጋሽ ዳና ማሳቸው ውስጥ የሙዝ ቅጠል ሲቆርጡ አገኘኋቸው። ከአባዬ ጋር በአንድ ጀልባ የሠሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ገበሬ ሆነዋል።

«የአርባ ምንጭ ተማሪ ድንጋይ ልትለምን ላንቴ መጣች!» ብለው ሳቁ። «አባትሽስ? አሁንም ለዓሣ ያወራል?»

«ለእኛ ከሚያወራው ይበልጣል።»

«ጀልባ ላይም እንዲሁ ነበር። መረቡን ስንስብ 'ይቅርታ' ይላቸዋል። እኔ በሳቅ ልሞት።»

ስለ ዛጎሉ እየነገርኳቸው ወንዙ ወዳለበት ወረድን። ጠጠሩ ክብ፣ ልሙጥና ንጹሕ ነው። አቼቶ ጠብ አደረግኩበት፤ ዝም አለ። ደስ ብሎኝ ማዳበሪያውን እስከ ግማሽ ሞላሁት። ጋሽ ዳና ሊያነሱት ሞክረው መልሰው አስቀመጡት።

«ቆጡ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከባሕር ዛፍ። አሁንም መሐሉ ጎበጥ ብሏል።»

«በይ ይህን ከጫንሽበት ሄዶ ዓሦቹ ላይ ነው የሚተኛው።»

እውነታቸውን ነበር። መልካም ድንጋይ ቢሆንም ለእኛ ቆጥ ከባድ ነው። ቀላል ድንጋይ ያስፈልገኛል እያልኩ ሳስብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ደጋው ገረሴ እሷ ዘንድ ክረምት ለማሳለፍ ስንሄድ፣ ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት እግራችንን በቀይ፣ ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ትፈገፍገን ነበር። ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀላል ነበር።

ልሄድ ስል ጋሽ ዳና አንድ እጅ ሙዝ ሰጡኝና «ዓሦቹን የገደላቸው ዛጎሉ መሆኑን ነገርሽው?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«እኔም ብሆን አልነግረውም» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ተዉና «ግን አንቺ ልጁ ነሽ» ብለው ወደ ሙዛቸው ተመለሱ።

ሽቅብ ወደ ገረሴ

የወንዙን ጠጠር እዚያው ትቼ ቤት አደርኩና በማግስቱ ማለዳ ሹራብ ጨምሬ የገረሴን መኪና ያዝኩ። ረዳቱ ባዶ ማዳበሪያዎቼን አይቶ «ድንች ነጋዴ ነሽ?» አለኝ፤ ነገሩን ማስረዳት ስለከበደኝ «እንደዚያ በለው» አልኩት። መንገዱ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ሙቀቱ ቀስ እያለ ቀረ። ሙዝና ማንጎው አልቆ እንሰትና ገብስ ተተካ፤ ሹራቤን አወጣሁ።

አንድ ኩርባ ላይ ዞር ስል ጫሞ ከታች ታየኝ። አባዬ በልጅነቴ እዚሁ ኩርባ ላይ ጭኑ ላይ አቁሞኝ «እዩት፣ እዩት የእኔን እርሻ» ይል ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ያኔ ሐይቁ በእውነት የእሱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ብቻዬን በመስኮት ሳየው አንገቴ እስኪዞር ተከተልኩት።

ገረሴ

አክስቴ ዘነበች፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ በጋሞኛ ሰላምታ «ሳሮ! ሳሮ!» እያለች አገላብጣ ሳመችኝ። ቆጮ በጎመንና በዳጣ አቀረበችልኝ፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

«የቆላ ልጅ!» አለችኝ። «አባትሽ በአንቺ ዕድሜ በማንኪያ ነበር የሚበላው። ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጣው? ዓሣ ዓሣ ብሎ ከሄደ ይኸው እንግዳ ሆኖ ቀረ።»

የመጣሁበትን ስነግራት «ለእግር ድንጋይ ከአርባ ምንጭ?» ብላ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ከቤቷ በላይ ባለው ሜዳ ዳር እንዲህ ያለ ድንጋይ እንዳለ አስታውስ ስለነበር ከእሷ ቀድሜ ወጣሁ። ሣሩ አጭርና ንጹሕ ነው፤ ዳርና ዳሩን የተደረደሩት ድንጋዮች ቀይ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው። አቼቶ ጠብ አደረግኩ፤ ምንም ድምፅ የለም። ልክ የምፈልገው ነው! ሁለቱን ማዳበሪያዬ ውስጥ ከትቼ ሦስተኛውን ሳነሳ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ! ሽማግሌ ልታቆም ነው?» አሉ አንድ አዛውንት። እሳቸው ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚሉት።

ደነገጥኩ። አክስቴ እያለከለከች ደረሰች። «አባባ፣ ይቅር በሉን፤ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከተማ ነው ያደገችው። ለአባቷ ዓሦች ድንጋይ ስትፈልግ ነው።»

ቦታው ዱቡሻ ነበር፤ የተጣላ ሁሉ እርጥብ ሣር ይዞ መጥቶ የሚታረቅበት ሜዳ። እኔ ማዳበሪያ ውስጥ የከተትኩት የሽማግሌዎቹን መቀመጫ ነው። ልጅ ሆኜ አባዬ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ለምን ዝቅ ያደርግ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ያኔ የደከመው ነበር የሚመስለኝ።

ድንጋዮቹን ወደየቦታቸው መለስኩ። አዛውንቱ ቆመው አዩኝና «ያኛው ፊቱ ወደዚህ ነበር» አሉ። አዞርኩት። «አሁን ተቀመጥበት።» ተቀመጥኩ። «ይመቻል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲህ ለሰው የሚመች ድንጋይ ለምን ለዓሣ ይሄዳል?» ብለው መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሣር ቆርጠው እጄ ላይ አኖሩና መረቁኝ፤ ከሜዳው በታች፣ መንገድ ሲቆረጥ የተገለጠውን ቁልቁለት አሳዩኝ። እዚያ ማንም የማይፈልገው ቀይ ድንጋይ ተቆልሏል። ከአክስቴ ጋር ሦስት ማዳበሪያ ሞላን። ዱቄቱ እዚያው እንዲቀር ትልልቁን ብቻ በእጃችን ለቀምን።

መመለስ

ከገረሴ የወረድኩት ድንች በጫነ አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ማዳበሪያዎቼን ዳሰሰ።

«ይኸ ምን ዓይነት ድንች ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ከደጋ ድንጋይ? አርባ ምንጭ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?»

«ቀላል ድንጋይ ነው የጠፋው።»

«እንግዲያው ሒሳቡንም ቀላል አደርግልሻለሁ» አለና የድንች ግማሽ አስከፈለኝ። ቁልቁል ስንወርድ ግን አልሳቅኩም። ለአባዬ የምለውን በልቤ ደጋግሜ ብሠራውም ቃሉ አልገጥም አለኝ።

ሲቀላ

አባዬን ጀሪካን ይዞ ታንከሩ ላይ እንዳጎነበሰ አገኘሁት። ሳልጠይቀው «ሁሉም አሉ» አለኝ።

ከገንዳው አንድ ዛጎል አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ነጭ አረፋ ሽሽ እያለ ወጣ። ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠው።

«ኖራ ነው፣ አባዬ። ውሃው ውስጥ እየሟሟ ይገባል።»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው በይኛ።»

«አይደለም። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ይችለዋል። የእኛ በርሜል ጠባብ ነው።»

ዛጎሉን መዳፉ ላይ አገላበጠው። በርሜሉን እሸጣለሁ የሚል መሰለኝ። ከዚያ ወደ ማዳበሪያዎቹ ሄዶ አንድ ቀይ ድንጋይ አወጣና «በዚህኛውም ላይ አድርጊ» አለኝ። አደረግኩ፤ ዝም አለ።

«ከየት ነው?»

«ከዱቡሻው በታች፣ ከቁልቁለቱ።»

«ከብት ከሚወርድበት?» አፉን ከፍቶ የጎደለች ጥርሱን አሳየኝ። «እዚያ ተንሸራትቼ ነው የሰበርኳት።» ጀልባ ላይ የወለቀች ነበር የሚመስለኝ።

ከሰዓቱን ሙሉ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ ድንጋዩን ራሱ አጠበ። ግቢው ቀይ ጎርፍ ሆነ። በየመሐሉ ይጠይቀኛል፦ «የእነ እገሌ እንሰት አለ? እህቴ አሁንም ትጮሃለች? ዱቡሻው እንደ ድሮው ነው?» የዱቡሻውን ታሪክ ስነግረው ወገቡን ይዞ እስኪያመው ሳቀ። ዓሦቹን ዛሬውኑ እንመልሳቸው ስለው ግን «ተይ፣ ውሃው ይጥራ፤ ችኮላ ነው ያጠፋን» አለኝ።

አሁን ቆስጣው አረንጓዴ ነው፤ ዓሦቹም ወደ ገንዳቸው ተመልሰዋል። ከጉዞው የተማርኩት ቀላል ነገር ነው። ድንጋይ ሲመረጥ አቼቶውንም ክብደቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ የምንወደው ድንጋይ ለውሃው የሚስማማው ላይሆን ይችላል። ይህንንም ለሚወደው ሰው ፊት ለፊት መንገር ይቻላል፤ ያን ያህል መፍራት አልነበረብኝም።

የጫሞን ጠጠር አባዬ አልጣለውም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባጃጅ ጠራና ጭነን ሐይቁ ዳር ወሰድነው። ጀልባውን ከሸጠ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ዛጎሉን በእፍኝ በእፍኝ ውሃው ጫፍ ላይ በተነው። ከዚያ እጁን አራግፎ ጀልባዎቹን ሲያይ ቆመ። ረጅም ሰዓት የምንቆይ መስሎኝ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ምን ትቀመጫለሽ?» አለኝ። «ተነሺ እንጂ፤ ዓሦቹ የሚበሉበት ሰዓት ደርሷል።»