በሁዳዴ እንቁላል የጣለች ወፍ

ወፍ ማጫወት ሥራ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ልጅ ያሳደገ ሰው ግን አይስቅም። እኔ በሃያ ዓመቴ፣ ገና ልጅ ሳልወልድ፣ መዳፍ የማትሞላ አንዲት አረንጓዴ በቀቀን እንዳትሰለች ስለፋ የምውል ሴት ነበርኩ። ሥራውን አሳምሬ ይዤው ነበር። ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ፤ ያበላሸሁበት ምክንያት ደግሞ ይኸው ዛሬ በወረቀት ሳሰፍረው እንኳ አንገቴን ያስደፋኛል።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ባሌ የመንገድ ሥራ ማኪና ነጂ ነው፤ ሊማሊሞን እየወረደ እስከ ዛሪማ ድንጋይና ጠጠር ያመላልሳል። አንዴ ከሄደ ሦስት ሳምንትም፣ አንድ ወርም ይቆያል። እኔ ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቤታችን ከእናቱ ጋር እቀራለሁ። አማቴን እሜቴ ነበር የምላቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የነጣ፣ የማኅበራቸው ሴቶች ቃላቸውን የሚያከብሩላቸው ሴት ነበሩ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን እፈራቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

አንድ ጊዜ ባሌ ሲመለስ በቀቀኗን ቆቡ ውስጥ ይዞልኝ መጣ። ደባርቅ አካባቢ እንጨት ቆራጮች አንድ ትልቅ ጥድ ሲጥሉ ግንዱ ውስጥ ጎሬ ተገኘ፤ ከጎሬው ጫጩቶች የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች። «እኔ በሌለሁ ጊዜ ታጫውትሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያጫወትኳት እኔ ነኝ።

ከጣሊያኖቹ ጋር ሳይሄድ የቀረ አንድ ሽማግሌ አናጢ በከተማው ነበር፤ ደጁ ላይ ቢጫ ወፎች ይንጫጩበታል። የሽቦ ቤት እንዲሠራላት ይዘናት ሄድን። ሽማግሌው ገልብጦ አያት፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ላባ እንደሌለ አሳየንና «ሴት» አለ። ከዚያ በተሰባበረው አማርኛው ሕግ አወጣልኝ። ጨለማ ቀዳዳ እንዳታገኝ። ወረቀት እንዳይሰጣት። መስተዋት እንዳታይ። ጀርባዋ እንዳይታሽ። ፀሐይ ስትጠልቅ እንድትሸፈን።

«ሥራ ስጫት» አለኝ። «ሥራ የሌላት ወፍ እንቁላል ታስባለች። ባል የላትም፣ እንቁላሉ ባዶ ነው። ግን ትጥላለች፣ ትጥላለች፣ ከአጥንቷ እያወጣች ትጥላለች። ከዚያ ትሞታለች።»

ድንገት ከጣለች ደግሞ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ወቅጬ እንድሰጣት ነገረኝ። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመልኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሥራ ሰጠኋት። ጠዋት ጠዋት ፍሬ ያንዠረገገ የጥድ ቅርንጫፍ አመጣላታለሁ፤ ስትመነጥረው ታረፍዳለች። ክሩ ያለቀ የክር እንጨት በሲባጎ አንጠለጥልላታለሁ። የማሽላ ራስ በጨርቅ ቋጥሬ እሰቅልላታለሁ፤ ቋጠሮውን ለመፍታት ግማሽ ቀን ትታገላለች፤ ስትፈታው እኔ በማግስቱ አጠብቄ እቋጥረዋለሁ። ትናንት ያየችውን ነገር ዛሬ ካየች ንቃው ፊቷን ስለምታዞር ዕቃዋን በየቀኑ ስለዋውጥ እኖራለሁ። አንድ ቀን ባሌ ዕቃ የጠቀለለበትን ጋዜጣ አግኝታ፣ በመንቆሯ እንደ መቀስ እየሸረከተች ቁራጩን ላባዋ ውስጥ ስትሸጉጥ እሜቴ አዩዋት።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉና ሳቁ።

ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ መጀመሪያዬ ነበር። ጋዜጣውን ነጠቅኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ እጄን ስዘረጋ ትነክሰኛለች። እኔም አኮረፍኳትና ቋጠሮዋን ሦስት ዙር አሰርኩት። እንዲህ እየተጣላንና እየታረቅን አንድ ዓመት አለፈ፤ አንድም እንቁላል አልጣለችም። አናጢውን መንገድ ላይ ሳገኘው «የለም?» ይለኛል፤ «የለም» እለዋለሁ፤ ኮርቼ እሄዳለሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ክረምት ሳይመጣ መንገዱ ይጠገን ተብሎ ባሌ ጾሙን በሙሉ ዛሪማ ቀረ። እሜቴ ቅዳሴ እስኪወጣ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፤ እኔም ከኋላቸው። ወፏ ብቻዋን ትውላለች። ስንመለስ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቀን ከሰዓት የማኅበሩ ሴቶች ቤታችን ጎራ ብለው ሳለ ጆሮ እስኪደነቁር ጮኸች። ከሴቶቹ አንዷ፣ መንደሩ ምላሷን የሚፈራላት፣ ወደ ሽቦው ቤት እያየች «ይህቺስ ምነው፣ ጾሙ አልተነገራትም?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ቀልድ ነበር። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በማግስቱ፣ ጨለማ ቀዳዳ አግኝታ ዝም እንድትል፣ የባሌን አሮጌ ቦት ጫማ ሽቦው ቤት ውስጥ አስተኛሁላት። ወዲያው ገባች። ዝም አለች። ዝምታዋ ስለጣመኝ ጋዜጣም ጨመርኩላት። የቀደደችውን ላባዋ ውስጥ እየሻጠች፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያንጠባጠበች፣ ወደ ጫማው ስትመላለስ ትውላለች። ማየቱም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። አናጢው በተሰባበረ አማርኛ የለፋበትን ሕግ በአንድ ሳምንት አፈረስኩ። ምክንያቴ ሌላ አልነበረም፤ ሴቶቹ ደግመው እንዳይስቁብኝ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያውን እንቁላል ጣለች፤ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል፣ ነጭ። ሁለት ቀን ቆይታ ሌላ ጣለች። ሦስተኛው ግን ቅርፊት አልነበረውም፤ ስነካው እንደ ርጥብ ከረጢት ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከአጥንቷ ማውጣት ጀምራለች ማለት ነው። የሚያድናት ቅርፊት ነበር፤ አንድ ጭብጥ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን ሳስበው አንድ እንቁላል ማግኘት ምን ይከብድ ነበር? ዶሮ ያለው ሁሉ እንቁላሉን ለፋሲካ በጭድ እያስተኛ ያጠራቅማል። ያኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚታየኝ። ባሏ የሌለ ሙሽራ በሁዳዴ እንቁላል ስትፈልግ ታየች ቢባልስ? ቅርፊቱ ከደጃችን ጉድፍ ላይ ቢገኝስ? እሜቴ በማኅበራቸው ፊት ምን ሊሆኑ ነው? «ይሉሽን በሰማሽ፣ ገበያ ባልወጣሽ» የሚለው ተረት በኔ ተገለበጠ፤ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ይሉኛል ብዬ ገበያ ቀረሁ። ከግድግዳው ኖራ ፍቄ ሰጠኋት። ቀመሰችና ጭንቅላቷን አራግፋ ተወችው።

አናጢው እንደሆነ አይጾምም፤ ቤቱ ቅርፊት አይጠፋም። ይህ ትዝ ሲለኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደጁ ደረስኩ፤ ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ያቺ ምላሰኛ ሴት ከታች ስትመጣ አየሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ልታሠሪ መጣሽ?» አለችኝ።

«መንገድ ተሳስቼ ነው» አልኳት።

ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ መንገድ ተሳሳትኩ። እሷም አመነችኝ መሰል፣ ክንዴን ይዛ ስለ ጎመኗ እያወራችልኝ አብረን ወደ ላይ ተመለስን። በሩ ከውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ ከኋላዬ ሰምቻለሁ። አልዞርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ላባዋን ነፍታ የሽቦው ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ታምጣለች፤ አይወጣላትም። በመዳፌ አቅፌ ደረቴ ላይ አሞቅኳት። ሁልጊዜ የምትነክሰኝ ወፍ ጣቴን በመንቆሯ ያዝ አድርጋ እንዲሁ ቆየች። ቀትር ሳይደርስ ሞተች። አራተኛው እንቁላል ከሆዷ አልወጣም።

እሜቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወፏን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጫማውንም፣ ለስላሳውንም እንቁላል፣ የአናጢውንም ደጅ። ስለ ጾሙ ብዬ ነው አልኳቸው። ስለ እርስዎ ስም ብዬ ነው አልኳቸው። አዳመጡኝና ከጎኔ ተቀመጡ።

«ጾሙ የኔ እንጂ የሷ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ምነው ለኔ ብትነግሪኝ? ነጠላዬን ተከናንቤ አዲስ ዓለም ሰፈር እወርድ ነበር። እስላም ወዳጆች አሉኝ፤ ቅርፊት አይነፍጉኝም። ነፍስ አይደለችም?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መኮትኮቻ አምጥተው ከጓሮ ራሳቸው ቆፈሩላት።

እስከዚህ ያለው ጥፋት የፈሪ ጥፋት ነው። ሌላው ግን ስም የለውም።

ባሌ የተመለሰው የቅዳሜ ሹር ዕለት ነው። እሜቴ ጓዳ ሽንኩርት ያቁላላሉ፤ እኔ ከወዲህ ለዶሮው ወጥ የተቀቀለውን እንቁላል እልጣለሁ። ፊቴ ያለው ሰፌድ ቅርፊት ሞልቶበታል። ባሌ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ወደ ሽቦው ቤት አየና «ወፏስ?» አለኝ።

«እንቁላል ጣለች» አልኩት። «ቅርፊት ያስፈልጋት ነበር። ያው… ጾም ነው። እሜቴ ደግሞ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። ባልጨርሰውም ያሰብኩት ቦታ ደረሰልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብሞክር እችል ነበር፣ ግን አልሞከርኩም። ባሌ ወደ ጓዳው ዞረ።

«እማዬ፣ ለአንዲት ወፍ ቅርፊት ይከለከላል?»

እሜቴ እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። መጀመሪያ እሱን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ፤ ብዙም አላዩኝም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ጾም መስሎኝ ነው። አጠፋሁ።»

ተመልሰው ገቡ። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ሲማሰል እሰማለሁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እንቁላል መላጥ ቀጠልኩ።

የፋሲካ ዕለት እሜቴ ለልጃቸው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። «ጠግቤያለሁ» አለ፤ ገና ምግቡን አልነካም። እጃቸው ትንሽ አየር ላይ ቆየና ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቂሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ቆይቶም ወደ ቀልድ ተለወጠ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር «እማዬ፣ ዘንድሮስ ምን ልትገድይ ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ልጆቻችን ተወልደው ካደጉ በኋላ እነሱም ታሪኩን ያዙት፤ አያታቸው ወፍ በጾም የገደሉ ሴት ሆነው ቀሩ።

እሜቴ በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ እግራቸውን ሳሻቸው ሁለታችን ብቻ ነበርን። «እሜቴ፣ ያኔ በወፏ ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

«ተይው» አሉኝ። «ልጅ እናቱን ቢቀየም ይመለሳል፤ ወዴት ይሄዳል? አንቺ ግን ገና ወልደሽ ያልሳምሽ ነበርሽ። በኔ ይሁን አልኩ።»

ከዚያ ውኃ ጠየቁኝ፤ አጠጣኋቸው። ለልጅዎ እነግረዋለሁ አልኳቸው። በሳምንቱ አረፉ።

ባሌ አሁን አርጅቷል። ዓይኑ ስለደከመ የምጽፈውን ማንበብ አይችልም፤ አጠገቤ ተቀምጦ ጸሐይ ይሞቃል። ቅድም «ስለ ምንድነው እንዲህ የምትሞነጫጭሪው?» አለኝ።

«ስለ በቀቀኗ» አልኩት።

«አይ እናቴ» አለ፤ «ነፍሷን ይማረው፣ ሸጋ ሰው ነበረች። በጾም ነገር ላይ ብቻ ነው እንጂ ጨካኝ የነበረችው።»

ልነግረው ወደሱ ዞርኩ። ፊቱን ወደ ጸሐይዋ አዙሮ መልሴን ይጠብቃል።

«አዎ» አልኩት።