የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ስንት ይወጣዋል? በወጣትነቴ ይህን ከመጻሕፍት ጠይቄ ብዙ መልስ አግኝቻለሁ፤ አንዱም ግን ለባለቤቴ ታላቅ እህት ልኳ አልሆነም። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች፤ አሥራ አራቱን በአለቃነት። ከእጇ ያለፈው አንሶላ ቢነጠፍ አገር ይሸፍናል፤ ግን ሁሉም ተመልሶ ቆሽሿል። ስለዚህ በአንሶላ መለካቱ አያዋጣም።

አለቃነቷ እንዲህ ነበር። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ለማገናኘት ይቀራረባሉ፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። እሷም ፊቱ የጠቆረ ሠራተኛ ስታይ "ና እስቲ ያዝልኝ" ትለዋለች። ሦስተኛው አንሶላ ላይ ሲደርሱ ሰውየው የሆድ የሆዱን ይዘረግፋል። አትመክረውም፤ "እህ" እያለች ታጥፋለች።

አንድ ቀን አዲሱ ዳይሬክተር ከሥልጠና ተመለሱ። አለቃ ከሠራተኛው ጋር ከልብ መነጋገር አለበት የሚል ትምህርት ቀስመው ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ጣጣው የመጣው ቅጽ ሲያዘጋጁለት ነው። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበርም ተላከ፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ አንሶላ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተተከለ።

የመጀመሪያው ተነጋጋሪ ልብስ ተኳሹ ሆነ። ምንም ስለማይናገር "ራዲዮ" ይሉታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ አንሶላ ያላሳረረ ሰው በዚያ ወር ብቻ ስድስት አሳርሮ ሁለት ማስጠንቀቂያ ወስዷል። ሰባተኛው ከሥራው ያሰናብተዋል። መነጽሯን አድርጋ፣ በሥራህ ላይ ምን ችግር ገጠመህ ብላ አነበበችለት። የለም አለ። ምን ቢሻሻል ትወዳለህ? ሁሉም ደህና ነው። ከልብህ ተናግረሃል? አዎ። ፈረመ። ውይይቱ በአራት ደቂቃ አለቀ፤ የቀረውን አሥራ አንድ ደቂቃ፣ መመሪያ መመሪያ ነውና፣ ተፋጠው ጨረሱት።

ዳይሬክተሩ በዚያው ቀን ቅጹን አይተው ደስ አላቸው። ሰውየው ችግር ከሌለበት ጥፋቱ ንዝህላልነት ነው፣ አንድ ቢደግም ይሰናበት ብለው ጻፉበት።

ወረቀቱ ሲመለስላት በራሷ አፈረች፤ የሰው እንጀራ የሚዘጋው ጽሑፍ ግማሹ የገዛ እጇ ነው። በማግስቱ ጠረጴዛውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ራዲዮን ጠራችው። አንደኛው ታጠፈ፣ ሁለተኛው ታጠፈ። አራተኛው ላይ አፉ ተከፈተ።

"እትዬ፣ ሽታ አይሸተኝም።"

ተኳሽ ሥራውን በዓይኑ ብቻ አይጠብቅም፤ ጨርቁ ቢጫ ከመሆኑ በፊት አፍንጫው ይነግረዋል። የራዲዮ አፍንጫ ግን በጉንፋን እንደሄደ ቀርቷል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አማቴ ድስቱን አሳርራ ሰው ሁሉ ሲተወው እኔ አጣጥሜ ጨረስኩት። ያኔ ነው ያወቅሁት። እሷማ ከዚያ ወዲህ 'ልጄ' ነው የምትለኝ።"

"ታዲያ ትናንት ስጠይቅህ ምነው ዝም አልክ፣ አንተ?"

"ትናንት እስክሪብቶ ይዘው ነበራ። አሁን እጅዎ አንሶላ ይዟል።"

ይህን ያጫወተኝ ራሱ ራዲዮ ነው፤ እሷ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከማጠቢያው ጀርባ የቆሸሸው ልብስ የሚለይበት ክፍል አለ። ሽታውን ችሎ ከሳምንት በላይ የቆየበት ሰው የለም፤ አንዱማ ለምሳ እንደወጣ ነው። ራዲዮን እዚያ እንዲያዛውሩላት ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ተገርመው ፈረሙ፤ ራዲዮም እያፏጨ ይለይ ጀመር። ከዚያ ግን የዝውውሩ ምክንያት በቅጹ ይሞላ የሚል ደብዳቤ ወረደ። ቢሯቸው ድረስ ወጣች።

"ጌታዬ፣ ይህ የሚጻፍ አይደለም። አሥር ደቂቃ ወደ ታች ይውረዱና ሁለት አንሶላ አብረን እንጠፍ፤ እነግርዎታለሁ። እርስዎም የሚነግሩኝ አያጡም።"

ዳይሬክተሩ ሐሳቡን በጣም አደነቁ፤ ጸሐፊያቸውም ቀጠሮ ያዘችላት። ቀጠሮው ሰባት ጊዜ ተላለፈ። ጡረታ በወጣችበት ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ ሄዳ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ወገባቸውን ስለሚያማቸው አንሶላ ማጠፍ እንደማይችሉ ጸሐፊዋ ነገረቻት።